ስታርች ያለበት ፕላስቲክ በፀሐይ እንዲፈርስ የቱን ልጨምርበት?

ቀጥታ ወደ ነገሩ እንግባ። ፖሊኢትሊን (ተራው የፌስታል ፕላስቲክ) ላይ የበቆሎ ስታርች ስለቀላቀላችሁበት ብቻ ፕላስቲኩ አይበሰብስም። አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ስታርቹን ለቅመው ይበሉታል፣ ፖሊኢትሊኑን ግን እንዳለ ይተዉታል። የሚተርፈው ቀዳዳ የበዛበት፣ ደካማ፣ ግን ያው ፕላስቲክ ነው። ይህን የተረፈውን በፀሐይ እንዲሰባበር የሚያደርጉ ተጨማሪዎች ገበያ ላይ ሞልተዋል፤ ሻጩም ሁሉ የኔ ይበልጣል ባይ ነው።

ይህን የምጽፈው ፊልም (ስስ የፕላስቲክ ሽፋን) በማሽን ለሚነፉ ሰዎች ነው፣ በተለይ የእርሻ መሬት መሸፈኛ (የፕላስቲክ ጉዝጓዝ) ወይም ስስ ከረጢት ለመሥራት ላሰቡ። ሻጭ የሚነግራችሁ በስንት ቀን እንደሚሰባበር ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ጠይቁ የምላችሁ ሌላ ነው። ዕቃው አገልግሎቱን ጨርሶ የሚወድቀው የት ነው? ፀሐይ ያገኘዋል ወይስ አያገኘውም? የዚህን መልስ ሳትይዙ የምትገዙት የትኛውም ኬሚካል ገንዘብ መጣል ነው።

ነገሩ እንዴት ይሠራል?

ፖሊኢትሊን በጣም ረጅም ሰንሰለት ነው። ለፊልም የሚሆነው ሞለኪውላዊ ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከመቶ ሺህ ይበልጣል። ረቂቅ ተሕዋስያን ሊቀምሱት የሚችሉት ግን ተቆራርጦ ተቆራርጦ ወደ 5000 ገደማና ከዚያ በታች ሲወርድ ነው ተብሎ በዘርፉ ይታሰባል። በመሃል ያለውን ርቀት የሚያስኬደው ፀሐይና ኦክስጅን ነው።

ችግሩ፣ ንጹሕ ፖሊኢትሊን የፀሐይን ብርሃን አይውጥም። ከ290 ናኖሜትር በታች ያለውን ጨረር ከባቢ አየሩ አጣርቶ ያስቀረዋል፣ ከዚያ በላይ ያለውን ደግሞ ሰንሰለቱ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ታዲያ ሜዳ ላይ የተጣለ ፌስታል ለምን ይሰነጣጠቃል? ፕላስቲኩ ማሽን ውስጥ ሲቀልጥ ትንሽ ትንሽ ኦክስጅን ስለሚይዝ ነው። ሃይድሮፐርኦክሳይድና ካርቦኒል የሚባሉ ጥቂት ደካማ ቦታዎች ሰንሰለቱ ላይ ይፈጠራሉ፣ ብርሃኑ የሚያገኘው እነሱን ነው። ካርቦኒል ብርሃን ሲውጥ ሰንሰለቱ እዚያው አጠገብ ይቆረጣል። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ማፍረሻዎች ሁሉ ሥራቸው ይኸው ነው፤ ወይ ደካማ ቦታዎቹን ያበዛሉ፣ ወይ ያሉትን ቶሎ እንዲፈነዱ ያደርጋሉ።

ስታርቹስ? ሲበላ ቀዳዳ ይተዋል፣ በቀዳዳው ውሃና ኦክስጅን ይገባል፣ ፊልሙ ይደክማል። ግን ሁሉም ስታርች አይበላም። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ካልተነካኩ በፕላስቲክ ተከበው ይቀራሉ፣ ኢንዛይምም አይደርስባቸውም። መያያዝ የሚጀምሩት ስታርቹ በይዘት 30 በመቶ ገደማ ሲሞላ ነው። ስለዚህ 6 ወይም 10 በመቶ ስታርች ይዞ «ባዮ» የተባለ ከረጢት ካያችሁ አብዛኛው ስታርች ውስጥ ታሽጎ የተቀመጠ መሆኑን እወቁ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንግሊዝ አገር በብሩኔል ዩኒቨርሲቲ ስታርችን ወደ ፖሊኢትሊን ፊልም ያስገባው ጄራልድ ግሪፊንም ቢሆን ሥራውን ሁሉ ለስታርቹ አልተወለትም፤ በቀላሉ ኦክሳይድ የሚሆን ቅባት አብሮ ጨምሮበታል። ስታርችና ማፍረሻ ከመጀመሪያው አብረው የመጡ ናቸው።

አይረን ስቴሬት

ለብዙ ሥራ የኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይህ ነው። ብረትን ከስቴሪክ አሲድ ጋር አዋሕዶ የተሠራ፣ ዝገት የሚመስል ቡናማ ዱቄት ነው። ብርሃን ሲያገኘው ሦስት ቻርጅ የነበረው ብረት ወደ ሁለት ይወርዳል፣ በዚያው ነጻ ራዲካል (ሰንሰለቱን የሚያጠቃ ቁጡ ቅንጣት) ይለቃል፤ የወረደው ብረት ደግሞ ሃይድሮፐርኦክሳይዱን ሰብሮ ተመልሶ ወደ ሦስት ይወጣል። እንዲህ እየወጣና እየወረደ ስለሚሠራ ትንሽ ይበቃዋል። ብዙ ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.5 በመቶ ባለው ውስጥ ነው የሚጨመረው።

የምወድለት ጠባዩ ያለ ብርሃን ቀዝቀዝ ማለቱ ነው። መጋዘን ውስጥ በጥቁር ላስቲክ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ጥቅል ቶሎ አያረጅባችሁም። አፈሩም ራሱ ብረት የሞላበት ስለሆነ የምትጨምሩት ሚጢጢ ነገር አያስጨንቅም። ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፊልሙን ቢጫ ቡናማ ያደርገዋል፤ ነጭ ወይም መስታወት የመሰለ ፊልም የሚፈልግ ደንበኛ አይቀበላችሁም። ሁለተኛ፣ ፀሐይ ካላየ በተግባር እንደሌለ ቁጠሩት።

እዚህ ላይ ሁለት ማሳሰቢያ። ቀይ ወይም ቡናማ የአይረን ኦክሳይድ ቀለም ገዝታችሁ «ያው ብረት ነው» እንዳትሉ። እሱ ብርሃን የሚጋርድ ቀለም ነው፣ እንዲያውም ፊልሙን ይጠብቀዋል። ሌላው፣ ስቴሬት ሁሉ አንድ አይደለም። ካልሲየም ስቴሬትና ዚንክ ስቴሬት በየፕላስቲክ ፋብሪካው የሚገኙት ማለስለሻ ስለሆኑ ነው። ካልሲየምና ዚንክ እንደ ብረት ከአንዱ ቻርጅ ወደ ሌላው አይመላለሱም፤ ስለዚህ ሰንሰለት አይቆርጡም። ርካሽ ማፍረሻ አገኘሁ ብሎ ዚንክ ስቴሬት የገዛ ሰው የገዛው ማለስለሻ ነው።

ኮባልትና ማንጋኒዝ

«ኦክሶ» በሚባሉት፣ በኦክሳይድ እንዲሰባበሩ ማፍረሻ በተጨመረባቸው ከረጢቶች ውስጥ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሳው እነዚህ ናቸው። ከብረት የሚለዩት ሙቀት ብቻውን የሚያስነሳቸው በመሆናቸው ነው። ብርሃን ይረዳቸዋል፣ ግን ጨለማ ውስጥም ሞቅ ካለ ይሠራሉ። ኮባልት ስቴሬት ወይን ጠጅ መልክ አለው፣ ኃይለኛ ነው፣ ውድም ነው፤ ባትሪ ሠሪዎች የሚሻሙበት ማዕድን ስለሆነ ዋጋው ይዋልላል። ማንጋኒዝ ርካሽ ነው፣ ከኮባልት ትንሽ ገር ይላል።

ጥቅማቸው ያው ጉዳታቸው ነው። ጥቅልሉ ጅቡቲ ወደብ ላይ በሰኔና በሐምሌ ሙቀት ኮንቴይነር ውስጥ ቆሞ ሲሰነብት አስቡት። ውጪው ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ ብረት ሳጥን ውስጥ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። አይረን ያለው ፊልም ይህን ይችለዋል። ኮባልት ያለው ግን ሰዓቱ መቁጠር የጀመረው ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ነው፤ አዲስ አበባ ደርሶ ጥቅልሉ ሲፈታ በጣት ጎተት ሲያደርጉት ቀጭ ብሎ የሚበጠስ ሊሆን ይችላል። ማሽን ላይም ያስቸግራሉ። መብራት ጠፍቶ ኤክስትሩደሩ (ፕላስቲኩን አቅልጦ የሚገፋው ማሽን) ውስጥ የቀለጠው ቁሳቁስ ከቆመ ይበላሻል፣ መብራት ሲመጣም መጀመሪያ የሚወጣው ጓል ጓል ያለበት ፊልም ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆናችሁ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኮባልት ያለበት ፊልም ሲያልቅ ደግሞ ኮባልቱ እርሻው ላይ ይቀራል፤ በየወቅቱ ስትደጋግሙት ይጠራቀማል። ለእርሻ ኮባልትን አልመክርም። ግማሽ ጥላ ለሆነ ቦታ ከብረት ጋር ትንሽ ማንጋኒዝ መቀላቀል ያስኬዳል፤ እሱንም የምትቋቋሙት ፊልሙን ሠርታችሁ በጥቂት ወራት ውስጥ የምትሸጡ ከሆነ ነው።

አይረን ዳይታዮካርባሜት፣ ሰዓት ያለው ማፍረሻ

ይሄኛው ብልህ ነው። እንግሊዝ አገር በአስተን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ኬሚስት ጄራልድ ስኮት ያፈለቀው ሐሳብ ነው፤ ከእስራኤላዊው ዳን ጊሌድ ጋር ሆነው የስኮት-ጊሌድ ዘዴ ተብሎ ወደ እርሻ ፊልም ገባ፣ እስራኤል ውስጥም ማሳ ላይ ተነጥፏል። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ዳይታዮካርባሜቱ ብረቱን ይዞት ሳለ ፊልሙን ይጠብቀዋል፣ ማሽን ውስጥም ማሳ ላይም። ፀሐይ ቀስ በቀስ ያንን መጠበቂያ ትበላዋለች። ሲያልቅ ብረቱ ይለቀቃል፣ ከዚያ በኋላ ፊልሙ በፍጥነት ይወድቃል። ጠባቂው ራሱ ነው አፍራሽ የሚሆነው።

ለገበሬ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጉዝጓዝ ላይ የሚፈለገው ቶሎ መፍረስ አይደለም። ቲማቲሙ ሦስት ወር ከፈለገ ሦስት ወር ሙሉ ሳይቀደድ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ካልያዘና አረም ካልከለከለ ምን ሊሠራ ተነጠፈ? አይረን ስቴሬት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቀስ እያለ ያዳክማል። ይሄኛው ግን ቆይቶ ቆይቶ በአንዴ ነው። ስታርች ያለው ቅልቅል ማሽን ውስጥ በፍትጊያ ስለሚሞቅ፣ መጀመሪያ ላይ የሚሰጠው ጥበቃም ተጨማሪ ጥቅም ነው።

ጊዜውን ለማራዘም ኒኬል ዳይታዮካርባሜት ይጨመርበታል። እዚህ ላይ እኔ ቆም እላለሁ። ኒኬል ምግብ በሚበቅልበት አፈር ላይ በየዓመቱ ሆን ብሎ መጨመር ደስ አይለኝም፤ በብረቱ መጠንና በፊልሙ ውፍረት ጊዜውን ማስተካከል ይሻላል። ቀለሙም ጠቆር ያለ ነው፣ ዋጋውም ከአይረን ስቴሬት ይወጣል፣ እንደልብም አይገኝም። ግን ወቅቱ የታወቀ ሰብል ካላችሁና የምታዝዙት በብዛት ከሆነ ከሁሉ የሚሻለው ይሄ ነው።

ሴሪየም ስቴሬት የሚባልም አለ። በብርሃን ይሠራል፣ ከብረቱ ይልቅ ቀለም አያበላሽም። ርካሽ ካገኛችሁት ሞክሩት፣ ብዙ የምለው የለኝም።

ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ

ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ ነጭ ቀለም ነው። ግን ሁለት ዓይነት ነው፣ ልዩነታቸውም ሰማይና ምድር ነው። ሩታይል የሚባለው፣ በተለይ ገበያ ላይ በነጭ ማስተርባች (ቀለም የታጨቀበት የፕላስቲክ እንክብል) መልክ የሚሸጠው፣ ላዩ በሌላ ማዕድን ተለብጦ የሚመጣ ነው፤ የተለበጠውም ፕላስቲኩን እንዳይበላው ነው። አናቴዝ የሚባለው፣ ልባጥ የሌለበት ከሆነ፣ ከ387 ናኖሜትር በታች ያለ ብርሃን ሲያገኝ ከአጠገቡ ካለው ኦክስጅንና ውሃ በጣም ቁጡ ራዲካሎች ያመርታል። ከስታርች ጋር የሚስማማው እዚህ ላይ ነው፤ ስታርች ውሃ ወዳድ ስለሆነ ታይታኒየሙ የሚፈልገውን እርጥበት ያመጣለታል፣ ስታርቹም ራሱ አብሮ ይጠቃል።

ነጭ ፊልም ለሚፈልግ ብቸኛው የሚያስኬድ አማራጭ ይመስለኛል። ግን ራሱ ብርሃን ይጋርዳል። ላዩ እንደ ኖራ ይቦናል፣ ውስጡ ደህና ሆኖ ይቆያል። ቅንጣቱ ካልተበተነም እዚህ ቀዳዳ፣ እዚያ ጤነኛ የሆነ ፊልም ነው የምታገኙት። ስትገዙ «ነጭ ማስተርባች» አትበሉ፤ «ልባጥ የሌለው አናቴዝ» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ልዩነቱን ካላወቀ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ቤንዞፌኖንና በሰንሰለቱ ላይ የተተከለ ካርቦኒል

ቤንዞፌኖን ብርሃን ውጦ ከሰንሰለቱ ሃይድሮጅን የሚነጥቅ ኦርጋኒክ ነገር ነው። ብረት የለበትም፣ ቀለም አያመጣም፤ ይህን ሲሰሙ ሰዎች ይወዱታል። ነገር ግን ትንሽ ሞለኪውል ስለሆነ ፊልሙ ውስጥ አይቀመጥም፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ነካው ነገርም ይሻገራል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ደግሞ 2ቢ፣ ማለትም በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል በሚለው ምድብ ውስጥ አስቀምጦታል። ምግብ ለሚነካ ነገር አትጠቀሙበት። ነጥብ።

ሌላው መንገድ ተጨማሪ ሳይሆን ፕላስቲኩ ራሱ ሲሠራ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰንሰለቱ ውስጥ ማስገባት ነው። አሜሪካ ውስጥ ስድስት የቢራ ወይም የለስላሳ ጣሳ የሚያያይዙት የፕላስቲክ ቀለበቶች የሚሠሩት ከዚህ ነው፤ የአእዋፍና የዓሣ አንገት ላይ እየገቡ ስላስቸገሩ እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣ ሕግ የሚፈርሱ እንዲሆኑ ተደነገገ። ይህ ከሁሉ ፈጣን ነው፣ የሚጠብቀው ጊዜ የለውም፣ ፀሐይ ከነካው ቀን ይጀምራል። ለቀለበት ጥሩ ነው። ለጉዝጓዝ አይሆንም፣ ሰብሉ ሳይደርስ ያልቃል። እኛ ጋ ያለ ትንሽ ፋብሪካም እንዲህ ያለውን ጥሬ ዕቃ ማስመጣት አይቀለውም።

ማሳ ላይ ያለው እውነት

አሁን ወደ ዋናው። የፕላስቲክ ጉዝጓዝ ስትዘረጉ ጠርዙ ነፋስ እንዳያነሳው በግራና በቀኝ አፈር ይለብሳል። ከአፈር በላይ ያለው መሃሉ በአይረን ስቴሬትም በዳይታዮካርባሜትም ወቅቱን ጠብቆ ሲነኩት ፍርፍር ይላል። ቆፍራችሁ የተቀበረውን ጠርዝ አውጡት። ስታርቹ የተበላበት ቦታ ሻከር ብሏል፣ አፈር ይዟል፣ ስትጎትቱት ግን ይለጠጣል። አንድ ረጅም ሪባን ፕላስቲክ ነው፣ ማረሻ ላይ የሚጠመጠመውም እሱ ነው። ፀሐይ አላየም። የቲማቲሙ ቅጠል ሲሰፋ የሚጋርደው ቦታም እንዲሁ ይዘገያል፣ ስለዚህ ማሳው መሃል ላይ እንኳ አንድ ወጥ አይፈርስም።

ለዚህ መድኃኒቱ የማፍረሻውን መጠን መጨመር አይደለም። መሃሉ ቶሎ ይበተንባችኋል፣ ጠርዙ ያው ነው። አንዳንዱ ጠርዙን ከመከር በኋላ በእጅ ጎትቶ ያወጣዋል። ጠርዙን መሰብሰብ ካልቻላችሁ፣ እነዚህ ሁሉ ማፍረሻዎች ለናንተ አልተሠሩም። ያላችሁ ምርጫ ወይ ወፍራም ተራ ፖሊኢትሊን ዘርግቶ ሙሉውን መሰብሰብ፣ ወይ ፒባት ከሚባለው ፖሊስተር ጋር ስታርች የተዋሐደበትን መግዛት ነው፤ የጣሊያኑ ኖቫሞንት ማተር-ቢ እያለ የሚሸጠው በዚህ መስመር ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ኢኤን 17033 የተባለው የአውሮፓ መለኪያ የሚያልፈው አፈር ውስጥ በሁለት ዓመት ቢያንስ 90 በመቶው ተበልቶ ሲያልቅ ነው። ከላይ የዘረዘርኳቸው የፖሊኢትሊን ፊልሞች ያንን አያልፉም። ዋጋው ከፖሊኢትሊን በብዙ ይበልጣል፣ አልዋሽም። ደግሞ ፒባት ላይ አይረን ስቴሬት አትጨምሩ፤ ቀለበት ያለው ሞለኪውል ስለሆነ አልትራቫዮሌትን በራሱ ይውጣል፣ ችግሩ ቶሎ መድከሙ እንጂ አለመድከሙ አይደለም።

ጥቁር ጉዝጓዝ ለሚፈልጉም አንድ ነገር። ካርቦን ብላክ (ጥቀርሻ የመሰለው ጥቁር ቀለም) ከፕላስቲክ ጠባቂዎች ሁሉ ኃይለኛው ነው። 2 ወይም 3 በመቶ ካርቦን ብላክ ገብቶበት «በፀሐይ የሚፈርስ» የሚባል ፊልም ሲያቀርቡላችሁ የፈተና ውጤቱን ጠይቁ፣ የፈተናው ናሙና ጥቁር መሆኑንም አረጋግጡ።

ማፍረሻውን የሚገድሉት

ጥሩ ማፍረሻ ገዝታችሁ ውጤት ካጣችሁ መጀመሪያ ጥሬ ዕቃውን ጠርጥሩ። ፊልም መሥሪያ ፖሊኢትሊን፣ በተለይ ሊኒየር የሚባለው፣ ከፋብሪካው ፀረ-ኦክሲዳንት (ኦክሳይድ እንዳይሆን የሚጠብቀው ነገር) ተጨምሮበት ይመጣል። ማፍረሻችሁ መጀመሪያ የሚዋጋው ከሱ ጋር ነው። ከዚህ የሚብሰው ድጋሚ የተፈጨ ፕላስቲክ ነው። ከአበባ እርሻ ግሪንሃውስ የወረደ አሮጌ ላስቲክ ተፈጭቶ ከገባበት አለቀ፤ ያ ላስቲክ ፀሐይን ለዓመታት እንዲችል ተብሎ ጠባቂ የተጨመረበት ነው፣ አርጅቶም ቢሆን ጥቂቱ ይቀራል። በአንድ በኩል እንዲፈርስ፣ በሌላ በኩል እንዳይፈርስ እየከፈላችሁ ነው ማለት ነው።

በተቃራኒውም ያው ነው። የናንተን ፊልም ቁርጥራጭ ለሪሳይክል ሰብሳቢ አትስጡ። ኮባልት ወይም ብረት ያለበት ፍርፋሪ ከውሃ ቧንቧ ወይም ከኩሬ ላስቲክ ጋር ከተቀላቀለ ከዓመታት በኋላ የሚሰነጠቀው የሌላ ሰው ንብረት ነው። ቁርጥራጩን እዚያው በራሳችሁ ማሽን መልሱት፣ መጠኑንም ገድቡ፣ አንዴ የሞቀ ስለሆነ ቶሎ ይፈርሳል።

ስለ ስታርቹ ጥቂት

እርጥበቱ ከ1 በመቶ በታች፣ ቢቻል ወደ ግማሽ በመቶ መውረድ አለበት። ተራ የበቆሎ ስታርች ከአየር ላይ ወስዶ 10 በመቶ አልፎ ውሃ ይይዛል፤ ሳታደርቁ ከከተታችሁት ማሽኑ ውስጥ እንፋሎት ሆኖ ፊልሙን በአረፋ ይሞላዋል። ሙቀቱን ከ200 ዲግሪ በታች ያዙ። የተቃጠለ ዳቦ ከሸተታችሁ አልፋችኋል፣ ፊልሙም ቡናማ ነጠብጣብ ይይዛል፤ የአይረኑ ቀለም ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ።

የቅንጣቱም መጠን ዋጋ አለው። የበቆሎ ቅንጣት 15 ማይክሮን ገደማ ነው፣ የድንች ግን እስከ 100 ይደርሳል። 25 ማይክሮን ፊልም ላይ የድንች ስታርች ስትጨምሩ ቅንጣቱ ከፊልሙ ወፍሮ ይወጣል፣ የሚነፋው ፊኛም እዚያ ላይ ይቀደዳል። ሩዝ ደቃቅ ነው ግን ውድ ነው። ስለ ቡላ የሚጠይቁኝ አሉ። ስታርችነቱማ ስታርች ነው፣ ግን ቅንጣቱ ከበቆሎው ይተልቃል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የሰው ምግብ ነው፤ ለፌስታል አይባክን ባይ ነኝ።

ፖሊኢትሊንና ስታርች አይዋደዱም። ከ10 በመቶ በላይ ከሄዳችሁ በማሌይክ አንሃይድራይድ የተተከለ ፖሊኢትሊን ወይም የኤትሊንና የአክሪሊክ አሲድ ኮፖሊመር ማስታረቂያ ያስፈልጋችኋል። የኋለኛውን መንገድ አሜሪካ ፒዮሪያ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ውስጥ ፊሊክስ ኦቴይ የሞከረው ነው።

በራሳችሁ ሞክሩት

የሻጭ ወረቀት ላይ ያለው ቀን የሚቆጠረው ብዙ ጊዜ በመብራት ስር ነው ወይም በሌላ አገር ፀሐይ ነው። በየ1000 ሜትር ከፍታ አልትራቫዮሌት 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ወይም ባቱ ላይ ፊልሙ ባሕር ዳርቻ ከተሞከረው ቀድሞ ሊወድቅ ይችላል፣ ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ደመናው ያዘገየዋል።

አንድ ረጅም ቁራጭ ውሰዱ። ግማሹን ቅበሩት፣ ግማሹ ውጭ ይሁን። ሌላ ቁራጭ ከኮርኒስ ስር ጥላ ላይ፣ ሌላ ደግሞ ጨለማና ሞቃት ቦታ አስቀምጡ። በየሳምንቱ በሁለት ጣት ጎትቷቸው። ጤነኛ ፊልም ከርዝመቱ ብዙ እጥፍ ይለጠጣል። መጀመሪያ መለጠጡ ይቀንሳል፣ ቀጥሎ ስታጥፉት ነጭ መስመር ይይዛል፣ መጨረሻ ላይ ሳይለጠጥ ይበጠሳል። ኤኤስቲኤም ዲ3826 የተባለው የአሜሪካ መለኪያ ፊልሙ አበቃለት የሚለው መለጠጡ 5 በመቶና ከዚያ በታች ሲሆን ነው፤ ላቦራቶሪ ባይኖራችሁም በእጅ ይታወቃል። ጨለማ ውስጥ ያለው ቶሎ ከተበጠሰ መጋዘን ያስቸግራችኋል ማለት ነው። የተቀበረው ካልተበጠሰ ጠርዝ የመልቀም ሥራ ይጠብቃችኋል።

ስታርቹን ለማየት የቁስል አዮዲን ጠብታ ፊልሙ ላይ አድርጉ። ጥቁር ሰማያዊ ነጥብ የሚሆነው ወደ ላይ የወጣው ስታርች ብቻ ነው። ነጥቡ ጥቂት ከሆነ ብዙው ታሽጓል፤ ነጥቦቹ ተሰባስበው ከታዩ ማደባለቁ አልተሳካም።

ሕጉስ?

ከረጢት ላሰባችሁ ይህን ከኬሚካሉ በፊት አንብቡ። አገራችን ውስጥ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ነገሩን በ0.03 ሚሊሜትር ውፍረትና በመበስበስ ጉዳይ ነበር የያዘው፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ግን የአንድ ጊዜ የፕላስቲክ ከረጢትን ወደ መከልከል ሄዷል። ስለዚህ «ማፍረሻ ስላለው ያልፋል» በሚል ተስፋ ማሽን ማዘዝ ቁማር ነው። ሄዳችሁ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን በጽሑፍ ጠይቁ። ከረጢት ላይ የኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ፌስታል ቆሻሻ ክምር ስር ወይም ቦይ ውስጥ ነው የሚያልቀው፣ እዚያ ፀሐይ የለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 ሞቢል የተባለው ኩባንያ «ሄፍቲ» የተባለውን የቆሻሻ ከረጢት ይፈርሳል ብሎ በማስተዋወቁ በርካታ ግዛቶች ከሰውታል፤ ክርክሩም ያው ነበር፣ የተቀበረ ከረጢት ብርሃን አያገኝም።

ባሕረ ሰላጤው አገራት ያላችሁ ደግሞ ሱቅ ውስጥ «ኦክሶ» የሚል ጽሑፍ ያለው ከረጢት አይታችሁ ይሆናል። ሳዑዲና ኤምሬትስ ይህን ዓይነት እንዲሆን በሕግ ያዘዙበት ጊዜ ነበር፤ አቡ ዳቢ እ.ኤ.አ. በ2022፣ ዱባይ በ2024 የአንድ ጊዜ ከረጢቱን ራሱን ከለከሉ። እዚያ አይቼዋለሁ ብላችሁ እንዳታመጡት።

እንግዲህ ልቁረጠው። ወቅቱ የታወቀ ሰብል፣ ጠርዙን የሚሰበስብ ሠራተኛ ያለበት እርሻ ከሆነ ዳይታዮካርባሜት። እሱ ካልተገኘ ወይም ገንዘቡ ካነሰ አይረን ስቴሬት፣ ከ10 በመቶ ያልበለጠ የበቆሎ ስታርች፣ አዲስ ጥሬ ዕቃ። ነጭ ፊልም የግድ ከሆነ ልባጥ የሌለው አናቴዝ፣ ግን ጠብቁ፣ አንድ ወጥ አይፈርስም። ጠርዙን የሚሰበስብ ከሌለ ፒባትና ስታርች፣ ወይም ወፍራም ፕላስቲክ። ለፌስታል ምንም።

ለአበባ ላኪዎች ብቻ አንድ ነገር ልጨምር። የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ 2019/904 ከሐምሌ 3 ቀን 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኦክሶ የተባለ ፕላስቲክ የገባበትን ማንኛውንም ምርት ገበያው ላይ እንዳይውል ከልክሏል። ትርጉሙ ሰፊ ነው፤ በኦክሳይድ አማካይነት ፕላስቲኩን የሚሰባብር ተጨማሪ ያለበትን ሁሉ ይይዛል፣ ኮባልት ብቻ ሳይሆን አይረን ስቴሬትም እዚያ ውስጥ ነው። ወደ ሆላንድ ለምትልኩት አበባ መጠቅለያ ስታዙ ማፍረሻ እንደሌለበት ከአቅራቢው በጽሑፍ ተቀበሉ፣ ወረቀቱንም ከጭነቱ ሰነድ ጋር አያይዙት።